ጅብ የሳለችው ልጅ

ጤና አዳም ሲሸተኝ አንገቴን እነካለሁ። ትናንት ገበያ ውስጥ አንዷ ሻጭ እስሩን ስታራግፈው እጄ ሳላዘው ወደ አንገቴ ሄደ፤ ሴትዮዋ ያመመኝ መሰላት። ምን ብዬ ላስረዳት?

ሰባተኛ ክፍል ነበርን፣ እዚሁ አዳማ። በዓመቱ አጋማሽ ላይ ከአርሲ ነገሌ አንዲት ልጅ መጣች። የብረት ቀጥቃጭ ልጅ መሆኗ ከእሷ ቀድሞ ክፍላችን ገብቶ ነበር። "ቡዳ ናት፤ ሲመሽ ጅብ ትሆናለች" ተባለ። አጠገቤ የተቀመጠችው እኔ ደፋር ሆኜ ሳይሆን ሌላ ባዶ ቦታ ስላልነበረ ነው። እናቴ ይህን ስትሰማ ጤና አዳም በጨርቅ ቋጥራ አንገቴ ላይ አሰረችልኝ።

ልጅቷ ሽታውን ታውቀዋለች። "ለእኔ ነው አይደል?" አለችኝ ቀስ ብላ።

"ለጉንፋን ነው" አልኳት።

እንዳላመነችኝ አውቃለሁ፤ ግን አላኮረፈችኝም። የአዳማ ንፋስ በተሰበረው መስኮት አቧራ እያመጣ ዴስካችን ላይ ሲነሰንሰው፣ እሷ በጣቷ የሒሳብ መምህራችንን ከነመነጽራቸው ፍየል አድርጋ ትስልልኝ ነበር። ምን ልበልህ፣ እንደዚያች ልጅ ያሳቀኝ ሰው የለም።

አንድ ቀን የሥዕል መምህራችን "ራሳችሁን ሳሉ" አሉን። ሁላችንም ሐኪምና ፓይለት ሆነን ቁጭ አልን። እሷ ጅብ ሳለች። ገላው ዥንጉርጉር፣ ትከሻው ጎበጥ ያለ፤ ከአንገት በላይ ግን ራሷ ናት፣ ሹሩባዋና የጆሮ ጌጧ ሳይቀር። ደግሞ ታምራለች።

"ለምን እንደዚህ አደረግሽው?" አልኳት።

"እነሱ ሲሉኝ ያስጠላል። እኔ ስስለው ግን የራሴ ነው" አለችኝ።

ጅቡ ጀርባ ላይ የተቀመጠች አንዲት ልጅ የጅቡን ሹሩባ እንደ ልጓም ይዛ ትስቃለች።

"ይቺስ?"

"አንቺ ነሻ።" ፊቴን አይታ ነው መሰል፣ "ሂን ሶዳቲን" አለችኝ፤ አትፍሪ ማለቷ ነው።

ከኋላችን ያሉት አንገታቸውን አስግገው አዩት። "ቡዳዋ ጓደኛዋን ጫነቻት" አለ አንዱ፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ወረቀቱን ነጥቄ እኔ ያለሁበትን ቦታ ቀደድኩት። "ከእሷ ጋር አይደለሁም" አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብዬ። እሷ አላለቀሰችም። የተረፈውን ወረቀት አጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከተተችው።

በማግስቱ ከግቢ ድንጋይ አምጥታ መስኮቱ ሥር ብቻዋን ተቀመጠች። እስከ ሰኔ እዚያው ነበረች። ዴስኩ ለእኔ ብቻ ሰፋ፤ አቧራውን የሚነካው አልነበረም። ትምህርት ሲዘጋ ቤተሰቧ ወደ አቦምሳ ሄደ አሉ። የት ሰፈር ብዬ እንኳ አልጠየቅኩም። አሁን ብፈልጋት፣ ይቅርታ ብላት ብዬ ስብሰለሰል ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆንብኛል።

የቀደድኳት ቁራጭ እስከ ዛሬ አለችኝ። አየር ላይ የተቀመጠች ልጅ፣ በሁለት እጇ የሰው ሹሩባ ጫፍ ይዛ ትስቃለች።