ድንጋይ ተሸክማ የመጣችው ተከላካይ

አፍንጫዬ ሲሰበር «ቀጭ» ያለውን ድምፅ እናቴ ከተመልካች ወንበር ሆና ሰምቼዋለሁ ትላለች። ውሸቷን ነው። እሷ የሰማችው የራሷን ጩኸት ነው። እኔ ግን ሰምቼዋለሁ፣ ከውስጤ ነዋ የመጣው! ወዲያው አፌ ደም ደም አለኝ፤ የአዳራሹ መብራት ፊት ለፊቴ መጣ፤ በጀርባዬ መውደቄ የገባኝ ያኔ ነው። ከላዬ ያቺ ረጅሟ ቆማለች፣ የነሱ ተከላካይ። ክርኗን ገና አላወረደችውም።

ነገሩን ከስሩ ልናገር። ስቶክሆልም ውስጥ ለኮሌጄ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን እጫወት ነበር። የእኔና የእናቴ ቤት ቴንስታ ነው፣ የቡድናችን አዳራሽ ሶደርማልም። ያ ዓመት የመጨረሻዬ ነበር፤ ስመረቅ ማልያውን አውልቄ ሥራ ፍለጋ እገባለሁ። በነበርኩባቸው ዓመታት ሁሉ ጥሎ ማለፉ ውስጥ እንገባና የመጀመሪያው ዙር ላይ ተቀጥቅጠን እንመለሳለን። አንዴ፣ አንዴ ብቻ ግማሽ ፍጻሜ ገብቼ ብወጣ ሌላ ምንም አልፈልግም እል ነበር። ስተኛም ስነሳም የማስበው እሱን ነው። እናቴ «ይቺ ልጅ ለጽድቅ እንዲህ ብትለፋ» ትለኛለች።

የውድድሩ መደበኛ ጨዋታ ሊያልቅ አንድ ዙር ሲቀረው የሌሎቹ ቡድኖች ደረጃ ሁሉ ለይቶለታል። ያልታወቀው አራተኛና አምስተኛው ብቻ ነው፤ እኛና የሻርሆልመን ሰፈር ልጆች፣ የመጨረሻው ጨዋታም የእኛና የነሱ ነበር። አራተኛና አምስተኛ ደግሞ በጥሎ ማለፉ መጀመሪያ ላይ የሚገናኙት እርስ በርስ ነው። ስለዚህ ያን ቀን ማንም ያሸንፍ ማን በሳምንቱ መልሰን መፋጠጣችን አይቀርም። የሚወሰነው በማን አዳራሽ፣ በማን ደጋፊ ፊት የሚለው ነው። የነሱን አዳራሽ ደግሞ አውቀዋለሁ። ደጋፊያቸው ከበሮ ይዞ ነው የሚመጣው፤ የሰው ስም እየጠራ ነው የሚሳደበው።

ከቅርጫቱ ስር ያለውን ሥራ ከሩቅ የሚያይ ሰው አያውቀውም። ማልያ ይያዛል፣ ጎን ይቆነጠጣል፣ እግር ይረገጣል፣ ዳኛው ዞር ሲል በዳሌ ተገፍቶ ይወጣል። እኔ በዚህ አላፍርም፤ ጎበዝ ነበርኩ። ረጅሟም አታንስም። የኛው አገር ልጅ ናት፣ እዚሁ ስዊድን የተወለደች፤ በአማርኛ ብታናግሯት በስዊድንኛ ነው የምትመልሰው። ስድብ ላይ ግን አማርኛዋ አንደኛ ነው። ዳኛው አይገባው፣ እኛም ልባችን እስኪጠፋ ተሰዳደብን። «የቆመ ስልክ እንጨት!» ስላት «አርፈሽ ተጫወቺ፣ አሮጊት!» ትለኛለች። በአራት ዓመት ነው የምበልጣት! ጎኗን በክርን ነረትኳት፣ ጭኔን በጉልበቷ አለችኝ፣ ማልያዋን ይዤ ወደ ኋላ ሳብኳት። በመጨረሻ ኳሷ ሌላኛው ጫፍ ላይ እያለች፣ ዳኛው ሳያይ፣ ዞራ ክርኗን ፊቴ ላይ አሳረፈችው።

እኔ ወደ አኩተን ተወሰድኩ። አኩተን የሚባለው የሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል ነው፤ ቴንስታ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አፍንጫዬን ጎትተው ሲያቃኑት የጮህኩትን ጩኸት ምጥ ላይ ሆኜም አልጮኸውም። እዚያ ተኝቼ ሳለሁ መሸነፋችን ተነገረኝ። አምስተኛ ወጣን። ጥሎ ማለፉ እነሱ አዳራሽ ሆነ።

በማግስቱ አሰልጣኛችን ደወለች። ስዊድናዊት ናት፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቅ ሴት። አንድ ወላጅ በስልክ የቀረጸው አለ፣ ክርኑ ጥርት ብሎ ይታያል። የዲሲፕሊን ኮሚቴው የኔን ቃል ይፈልጋል፦ ሆን ብላ ነው ወይስ በጨዋታ መሐል? ሆን ብላ ነው ካልኩ ረጅሟ በጥሎ ማለፉ አትሰለፍም። እሷ ከሌለች ደግሞ እኔን የሚያቆም ቁመት ያላት የላቸውም። «እውነቱን ብቻ ጻፊ» አለችኝ። «ከነሱ ወገን የሚያናግርሽ ሰው ካለ ደግሞ ቶሎ ንገሪኝ፣ ምስክር ላይ ጫና ማድረግ ነው።» ደስ አለኝ፣ ለምን እዋሻለሁ። ፊቴ እንደ ዳቦ አብጦ እየሳቅሁ ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ በራችን ተደወለ። እናቴ ከፈተች። ሦስት ሽማግሌዎች ነጠላቸውን እንዳጣፉ ቆመዋል። ከኋላቸው የረጅሟ አባት፣ በቤተ ክርስቲያን የምናውቃቸው፣ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር። ከሳቸው ኋላ ራሷ ረጅሟ፣ አጎንብሳ፣ ማጅራቷ ላይ ድንጋይ ተሸክማ። የምሬን ነው፣ ድንጋይ! በዳይ ይቅርታ ሲለምን እንደሚሸከመው። በስፖርት ቦርሳዋ ከታ፣ በምድር ባቡሩ ቀይ መስመር መሐል ከተማ ድረስ፣ ከዚያ በሰማያዊው እስከ ቴንስታ አምጥታው፣ በራችን ላይ ስትደርስ ነው ያወጣችው።

«ውይ በሞትኩት! ግቡ እንጂ፣ ተቀመጡ!» አለች እናቴ።

«አንቀመጥም፣ እመቤት» አሉ ትልቁ ሽማግሌ። «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም፣ ውሃም አንቀምስም።»

አሰልጣኛችን ያለችው ትዝ አለኝ። አንድ ስዊድናዊ ጎረቤት በዚያ ሰዓት በሩን ከፍቶ ቢያይ ምን ይላል? ተበዳይዋ ቤት አምስት ሰው ድንጋይ ይዞ መጣባት! ፖሊስ መጥራት አይበዛበትም።

«እኔ አልታረቅም» አልኩ።

«ዝም በይ፣ አንቺ! ሽማግሌ ቆሞ?» እናቴ ዓይኗ ፈጠጠ።

«ልጄ፣ እውነትሽን ነው፣ ተጎድተሻል» አሉ ትልቁ ሽማግሌ። «ለኛ ብለሽ አይደለም፣ ለፈጠረሽ ብለሽ።» ሦስቱም ጎንበስ አሉ። አያቴ የሚሆኑ ሰዎች ጎንበስ አሉልኝ! ረጅሟ ላቧ አገጯ ላይ ይንጠባጠባል፣ ቀና ብላ አታየኝም። ንዴቴ ባሰ። አፍንጫዬን ሰብራ እንድታሳዝነኝ ደግሞ ትፈልጋለች! ዘልዬ ድንጋዩን ከማጅራቷ መነጨቅኩና ወለሉ ላይ ወረወርኩት። አንድ ነገር መስበር ነበር የፈለግኩት። ጣውላው ተሰነጠቀ፣ ከስር ያለው ጎረቤት በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያውን ደበደበ።

እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው።

ለካስ ተበዳይ ድንጋዩን በእጁ ካወረደው ታርቋል ማለት ነው! አወራረዱን የጠየቀኝ የለም። «እሰይ! ተባረኪ!» አሉ ሽማግሌዎቹ፣ መቀመጫ ሳቡ፣ ለስላሳ ቀረበ። ትልቁ ሽማግሌ ረጅሟን አስቁመው ቃል በቃል ከሳቸው እየተከተለች እንድትምል አደረጓት፦ እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ ከእንግዲህ ጫፏን አልነካም። በተሰባበረ አማርኛዋ ተከተለች። አባቷ ጣታቸውን ቀስረው «ሰምተሻል? ጫፏን!» አሏት። «ያ፣ ፓፓ» አለች፤ «አዎ፣ አባዬ» ማለቷ ነው። ከዚያ ትከሻ ለትከሻ ሳምኳት፤ ባልስማት እናቴ በሕይወት አታኖረኝም።

ለኮሚቴው የጻፍኩትም በእናቴ ዓይን ስር ነው፦ «በጨዋታ መሐል የደረሰ ነው።» አሰልጣኛችን አንብባው «እርግጠኛ ነሽ?» አለችኝ። ምን ብዬ ላስረዳት? ግን ልንገራችሁ፣ ይቅር ያልኩት በአፌ ነው። ሜዳ ላይ ጎድን ጎድኗን ብያት፣ አሸንፌያት፣ ግማሽ ፍጻሜ ገብቼ ነው የሚበርድልኝ።

የጥሎ ማለፉ ቀን የፊት መከላከያ ጭምብል አድርጌ ገባሁ። ከበሮው ጆሮ ይበጥሳል። ገና በመጀመሪያው ኳስ በትከሻዬ ደረቷን መታኋት። ወደ ኋላ ሄደች። ዞሬ አስቆጠርኩ። በሁለተኛው ዳሌዬን ሰነዘርኩባት፤ እጇን ወደ ኋላ አድርጋ ሸሸችልኝ። አስቆጠርኩ። በሦስተኛው ኳሱን ይዤ በፊቷ አለፍኩ፣ እንደ ግንድ ቆማ አየችኝ። የኛ ልጆች አበዱ። አሰልጣኛችን፣ ያቺ ድምፅ የሌላት ሴት፣ ወንበር ላይ ወጥታ ጮኸች። በሰፊ ልዩነት መራን።

የነሱ አሰልጣኝ ረጅሟ ላይ ያልወረወረው ቃል አልነበረም። አስወጣት፤ ሌላ ቁመት ስለሌለው መልሶ አስገባት። የገዛ ደጋፊያቸው ሳይቀር ይጮህባት ጀመር። እሷ ዓይኗ እንባ ሞልቶ እጇን ወደ ኋላ አድርጋ ትቆማለች። እኔ ምኑም አልገባኝም፣ ፈርታኝ መሰለኝ። ጎኗን በክርኔ ሁለት ጊዜ ነረትኳት። ትንፋሽዋ ቁርጥ አለ እንጂ አልመለሰችልኝም።

«ምቺኝ እንጂ! ምን ሆነሻል?» አልኳት።

«ምያለሁ» አለችኝ። በአማርኛ።

ቀና ብዬ ወደ ተመልካቹ አየሁ። ሦስቱ ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በከበሮው መሐል ተደርድረው ተቀምጠዋል። አጠገባቸው አባቷ፣ ዓይናቸው እጆቿ ላይ። ትልቁ ሽማግሌ በእርካታ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ እርቃቸው ሠርቷላ! እዚያ ቤት ውስጥ ስትምል አንዳችንም፣ እናቴም፣ አባቷም፣ እኔም፣ በሳምንቱ ከአንድ ቅርጫት ስር ስንቆም መሐላው እጇን እንደሚያስር አላሰብንም። እዚህ አገር ያደገች ልጅ ደግሞ የማለችውን ቃል በቃል ነው የምትይዘው።

በእግዜር ስም የታሰረች ልጅ ነው ስቀጠቅጥ የቆየሁት። አስጠላኝ፣ ያስቆጠርኩት ሁሉ አስጠላኝ። ዓመቱን ሙሉ በብርድ እየተነሳሁ የለፋሁት ለዚህ ነው? ዝም ብል ግማሽ ፍጻሜው ኪሴ ነው። ዝም ልበል ብዬ ደግሞ ሞክሬያለሁ፤ አንድ ኳስ አስቆጥሬ እጆቿን ወደ ኋላ አድርጋ ሳያት አልቻልኩም።

አሰልጣኛቸው ዕረፍት ሲጠይቅ ወደ ወንበሬ አልሄድኩም። ደረጃውን ሮጬ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆምኩ።

«አባባ፣ ይፍቱልኝ!»

«ምኑን ልጄ?»

«መሐላውን! ልትነካኝ አልቻለችም፣ ጨዋታ አይደለም ይሄ!»

«አይሆንም!» አባቷ ብድግ አሉ። «በእግዚአብሔር ስም ነው የማለችው።»

ሦስቱ ሽማግሌዎች ተንሾካሾኩ። ዳኛው ፊሽካ ይነፋል፣ አሰልጣኛችን ከታች «ምን እየሠራሽ ነው?» እያለች ትጮኻለች። ትልቁ ሽማግሌ ቀስ ብለው ተነሱ፣ ከበሮው ሳይቀር ዝም አለ። «አንቺ ልጅ!» አሉ ወደ ሜዳው። «ተበዳይዋ ራሷ ለምናልሻለች። እዚህ ሜዳ ውስጥ ፈትተንሻል! ከመስመሩ ውጪ ጫፏን ብትነኪ ግን ወዮልሽ!»

ረጅሟ አባቷን አየች። አባቷ እንደ ምንም አንገታቸውን ነቀነቁላት።

እናንተዬ! ከዚያ በኋላ የወረደብኝን እኔ ነኝ የማውቀው። መጀመሪያ የያዝኩትን ኳስ ከነእጄ ገነጠለችው። ቀጥሎ ትከሻዋ ደረቴ ላይ አርፎ መሬት ለመሬት ተንሸራተትኩ። ተነስቼ ጎኗን አልኳት፣ ጭኔን አለችኝ፣ «አሮጊት!» አለችኝ፣ በደስታ ጮህኩ። ልዩነቱ ቀለጠ። ጓደኞቼ እኔን ያዩኛል፣ እኔ ማንንም አላይም። መጨረሻ ላይ በአንድ ነጥብ ሲመሩን ኳሱ እጄ ገባ። ጊዜው ሊያልቅ ነው። በሙሉ ኃይሌ ዘለልኩ። እሷም ዘለለች፣ እጇ ኳሱን አገኘው፣ የቀረው ሰውነቷ እኔን። ጭምብሉ በረረ፣ ከንፈሬ ተሰነጠቀ፣ ጀርባዬ ወለሉን መታው። የጥፋት ፊሽካ ጠበቅሁ። የተነፋው የማለቂያው ነው።

ተሸነፍን። ግማሽ ፍጻሜ ሳልገባ ተመረቅሁ፣ ይኸው እስከ ዛሬ ሳስበው ያንገበግበኛል። አሰልጣኛችን ያን ምሽት አላናገረችኝም፤ ከአንዷ የቡድን ጓደኛዬ ጋርም እስካሁን ሰላምታ የለንም። እውነታቸውን ነው። እኔም እዚያው ወለል ላይ ተኝቼ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ረጅሟ እጄን ይዛ ስታነሳኝ እሷም ታለቅሳለች።

ትልቁ ሽማግሌ ደረጃውን በምርኩዛቸው ወርደው መጡ። ከንፈሬን፣ ማልያዬ ላይ ያለውን ደም አዩ። ፊታቸው ጨለመ።

«ልጄ፣ ደግሞ መምጣት ሊኖርብን ነው?»

«አይምጡ፣ አባባ» አልኳቸው ደሜን እየጠረግሁ። «የዛሬውን የለመንኩት እኔ ነኝ።»