በአደ ዲንቄ ደጅ ያነጠፍኩት ድንጋይ

ከቡሬ የወጣነው ሳይነጋ፣ ጎረቤት ሳይሰማ ነው። በማግስቱ እናንተ ጎረቤቶቼ በራችን ተዘግቶ ስታዩ ምን እንዳላችሁ አላውቅም። የባሌ የደምሴ ወንድሞች ከአጎታቸው ልጆች ጋር በድንበር ተጣልተው ጥይት ከተተኮሰ፣ ሰውም ከወደቀ በኋላ፣ ደምሴ ልብስ ሰፊ እንጂ ተኳሽ አለመሆኑን ማን ይሰማዋል? ደም የሚፈልግ ሰው ሙያ አይጠይቅም። ስለዚህ እኔ ሕፃኗን አዝዬ፣ እሱ የስፌት መኪናውን በበቅሎ ጭኖ፣ ከነጋዴዎች ኋላ ተከተልን።

ዓባይን በታንኳ ስንሻገር ቀዛፊው የተጠቀለለውን መኪና አይቶ «መትረየስ ነው?» አለን። ፈትተን ብናሳየውም አላመነም፤ እግሩን ከላዩ ሳያነሳ አሻገረን። ከዚያ የአንገርን ቆላ ወባውን እየፈራን አልፈን ነቀምት ገባን።

ለምለም አገር ነው። የሰዉም ሰላምታ አያልቅም፤ «አከም ጅርቱ» ብሎ ይጀምርና ስለ ልጅሽ፣ ስለ ከብትሽ፣ ስለ አዳርሽ ሳይጠይቅ አይለቅሽም። እኔ ግን ከጥይት የሸሸሁ ነኝና «ይህን ሁሉ የሚጠይቀኝ ለማን ሊነግር ነው?» እያልኩ «ደህና ነን» ብዬ አልፍ ነበር።

አከራያችን አደ ዲንቄ ይባላሉ፤ አደ ማለት እኛ እሜቴ እንደምንለው የአክብሮት መጠሪያ ነው። ባላቸው የሞቱባቸው፣ አማርኛውን ከኔ አስተካክለው የሚናገሩ ሴት ናቸው። ቤቱን ሲያሳዩን፣

«ስንት ሆናችሁ ነው የመጣችሁ?» አሉኝ።

«ይኸው ሦስት ነን።»

«ሌሎቹስ መቼ ይመጣሉ?»

ሌላ እንደሌለ ብምልላቸውም ዓይናቸው ወደ መንገዱ ነበር።

ዝናቡ የጀመረው ገና በግንቦት ነው። እንደኛ አገር ዝናብ አጉረምርሞ፣ ወርዶ፣ አባርቶ አይሄድም፤ ተደላድሎ ተቀምጦ ይዘንባል። ቀዩ ጭቃ በእግራችን እየገባ እስከ መደቡ ደረሰ። ደምሴ የሚሰፋው የሰው አቡጀዴ ቀላ። ልጅቱ በእርጥቡ ላይ እየዳኸች ሳል ያዛት፤ ደረቷ ሲያፏጭ ስሰማ ደጃፉን ለማሰናዳት ተነሣሁ። ከጅረቱ ጠፍጣፋ ድንጋይ እያዘልኩ ከመንገዱ እስከ ደፉ አነጠፍኩ። ከጠፈጠፉ ሥር ቦይ ቆፈርኩ። ከበሩ ጎን ለእርጥብ ጋቢና ለጃንጥላ ችካል መታሁ፤ ከሥሩ ጫማ የሚወልቅበት የቀርከሃ ርብራብ ሠራሁ፤ ደፉ ላይ እግር መጥረጊያ ጆንያ ዘረጋሁ። ደስ ብሎኝ ቆሜ ሳየው አደ ዲንቄ ከጓሮ መጡ።

«ማን አዘዘሽ?»

«ጭቃው ነዋ፣ አደ።»

«ጭቃ ሰው ያዛል? ድንጋዩን አንሺ!»

«ለምን?»

«ለፍቲ ከን ኮ!» አሉኝ። መሬቱ የኔ ነው ማለታቸው ነው።

አላነሣም ብል አጥቢያ ዳኛ ዘንድ ከሰሱኝ። ዳኛው በንግግራቸው የጎጃም ሰው መሆናቸውን ሳውቅ ልቤ ሞቀ። የአደ ዲንቄ ፊት ግን ጠቆረ።

«ድንጋዩ የማን ነው?» አሉ ዳኛው።

«የወንዙ ነው፣ ጌታዬ።»

«ወንዙ አልተከሰሰም። ማን አመጣው?»

«እኔ።»

«ቦዩንስ?»

«ቦዩማ ጉድጓድ ነው፣ ያመጣሁት ነገር የለም።»

ዳኛው ሳቁ። አደ ዲንቄ አልሳቁም።

«የአባቴን መሬት የወሰደው ሰውዬም እንግዳ ነበር» አሉ። «አጥር ልጠር አለ፣ ፈቀድን። ቦይ ልቅደድ አለ፣ ፈቀድን። በኋላ ይኸው አጥሬ፣ ይኸው ቦዬ ብሎ ዳኛ ፊት ቆመ። ዳኛውም የአገሩ ልጅ ነበር።»

ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠረጉና ወደኔ ጠጋ አሉ። «አይዞሽ፣ የአገሬ ልጅ። ደጁን ያቀናሽው አንቺ ነሽ። ይዞታዬ ነው ካልሽ እሰማሻለሁ።»

ይህ ሰው የሰውን መሬት እንዲህ ሲሰጠኝ ነገ የኔን ለማን ይሰጣል? ደግሞስ በድንበር ምክንያት አገሬን የለቀቅሁ ሰው እዚህ ድንበር ልትከል?

«ድንጋዩም ቦዩም የአደ ዲንቄ ነው» አልኩ። «እኔ ልጄ እንዳትታመም ብዬ ነው። የጎጆ ኪራዩን ከፍዬ ስወጣ ሁሉንም ትቼ ነው የምወጣው።»

«ሞኝ ነሽ!» አሉኝ ዳኛው፤ ክሱ በዚሁ ተዘጋ፤ ድንጋዩም እንደተነጠፈ ቀረ።

አደ ዲንቄ እንደተመለስን አላመሰገኑኝም። ደጃፉ ላይ ቆመው «ለምን እንዲያ አልሽ? ሰው በነጻ አይተውም» ብለው ያዙኝ። ሲያስጨንቁኝ የሸሸንበትን ነገር ነገርኳቸው። ሰምተው፣ ሰምተው፣ «ኦ፣ ተደብቃችሁ ነዋ» ብለው ገቡ። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አጣሁ። ምስጢሬ በሳቸው እጅ፣ ቤታቸው በኔ እጅ።

በዚያው ሰሞን አንድ ጠዋት ጫማቸውን ከጫማችን ጎን፣ ርብራቡ ላይ አገኘሁት። ወዳጅነት ይሁን፣ ቤቱ የማን እንደሆነ ማስታወሻ፣ እስከ ዛሬ አልለየሁትም። ልጅቱ ግን ሳሏ ለቀቃት።

በመስከረም መጨረሻ ነጋዴዎች ዕርቅ ወርዷል ብለው ነገሩኝ። ስልክ ቤት ሄጄ እናቴን አስጠራሁ።

«ደሙ ደርቋል፣ ግቡ» አለችኝ። ድምፅዋ ከውኃ ውስጥ የሚመጣ ያህል ነበር። ከኋላዋ የማላውቀው ወንድ ሲስል ሰማሁ።

«እማዬ፣ አጠገብሽ ማን አለ?»

ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ማንም። መቼ ትመጫለሽ?» አለች።

ውጭ ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ይወርዳል።

«ክረምቱ ሲወጣ» አልኳት።

«ልጄ» አለችኝ፣ «እዚህ እኮ ክረምቱ ወጥቷል።»