መቅዘፊያ የደበቀው ንጉሥ

ሐይቅ ከተማ ውስጥ ዋሽቶ የመታመን ነገር ከተነሣ የሚቀድመኝ የለም። አንድ ጊዜ ያጠመድኩት አምባዛ ጢሙ ከጀልባዬ ስለረዘመ ቆርጬ ላም አሰርኩበት ብዬ ባወራ፣ ሰው ላሟን ሊያይ ቤቴ ድረስ መጥቷል። እንዲህ ያለ ሰው አንዲት ትንሽ ነገር መደበቅ ያቅተዋል? የደበቅኩት የልጄን ፓስፖርት ነው።

ልጄ ከዚህ በፊት ዓረብ አገር ሰው ቤት ሠርታ ተመልሳለች። ከቆየችበት ጊዜ ውስጥ አምስት ወር ድምጿ ጠፋ፤ አሠሪዋ ስልኳን ቀምታት ነበር። ያን አምስት ወር ቀልዴን አላቋረጥኩም። ሰው ፊት እያሳቅሁ ውዬ፣ ሐይቁ መሀል ስደርስ መቅዘፊያዬን አስቀምጬ እንደ ሕፃን እነፋረቅ ነበር። የሐይቁ ውኃ በዚያ ዓመት ከፍ ያለው በዝናብ ይመስላችኋል?

አሁን ደግሞ ልትሄድ ነው። «ሰው ቤት አይደለም አባዬ፣ ስፌት ቤት ነው፤ ጓደኛዬም እዚያው ናት» ትላለች። በረራዋ የሚቀጥለው ማክሰኞ ነው። ረቡዕ ጠዋት እሷና እናቷ ገበያ ሲወጡ ፓስፖርቱን ከሻንጣዋ አወጣሁ። መደቡ ላይ ሁሌ የምደገፈውን መከዳ ተርትሬ ጥጡ ውስጥ ከተትኩትና፣ መረብ በምጠግንበት መርፌ መልሼ ሰፋሁት። ከዚያ ተደግፌ ተቀመጥኩ።

ቤቱን ትገለብጠዋለች ብዬ ጠበቅሁ። ከሰዓት በኋላ ሻንጣዋን ከፈተች፤ ዘጋች። ምንም አላለችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ለጩኸት ሦስት ዓይነት ውሸት አዘጋጅቼ ነበር፤ ለዝምታ አንድም አልነበረኝም።

ሐሙስ ዕለት ደብተር ይዛ መጥታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ የጻፍኩትን ተረት ላንብብልህ? የኤልፎች ንጉሥ ታሪክ ነው።»

«የምን?»

«ኤልፍ። ዓረብ አገር ሳለሁ የማሳድጋቸው ልጆች ሲያዩት የሚውሉት የፊልም ፍጡር ነው። ቁመቱ ረጅም፣ ጆሮው ሹል፣ ጫካ ውስጥ የሚኖር፣ የማያረጅ፣ የማይሞት። እነሱን ለማስተኛት የራሴን እየፈጠርኩ እነግራቸው ነበር።»

«ጅኒ ነዋ!»

«ጅኒ አይደለም። ዝም ብለህ ስማ።»

ሰማሁ። የኤልፎቹ ንጉሥ በደን የተከበበ ሐይቅ ዳር ይኖራል። ደግ ነው፤ የቆሰለች ሚዳቋ በእጁ ያስታምማል፣ ለእንግዳ ራሱ ውኃ ያቀርባል። አንድ ቀን ግን «ከዛሬ ጀምሮ ሐይቁን የሚሻገር የለም» ብሎ ያውጃል። የሕዝቡን መቅዘፊያ ሁሉ ይሰበስባል። ለምን ሲባል «ደኑ ታሟል» ይላል። ደኑ አልታመመም።

«እንዴት ያለ ንጉሥ ነው ትላለህ?» አለችኝ። ዓይኗ መከዳው ላይ ነበር፤ ወይም መሰለኝ።

«ጥንቁቅ ነው» አልኩ። «ሕዝቡን የሚወድ። ጆሮው ግን ረዝሟል፤ ትንሽ አሳጥሪለት።»

«ጥንቁቅ ከሆነ ለምን ይዋሻል?»

«ንጉሥ ምክንያቱን ሁሉ አይዘረግፍም።»

«ወይስ ሥልጣን ወዶ ነው?»

«ኧረ ምን በወጣው!» ብዬ ጮህኩ። ለአንድ ጫካ ውስጥ ለሚኖር ጆሮ ሹል ሰውዬ እንዲህ መቆርቆሬ ለራሴም ገረመኝ። እሷ ደብተሯን ዘግታ «ነገ እጨርስልሃለሁ» ብላ ተነሣች። ያን ሌሊት መከዳው አስፋልት ሆኖ አደረ።

ዓርብ ከጁሙዓ በኋላ ባለቤቴ ለልጃችን የመንገድ ዱዓ እንዲያደርጉላት ሰው ጠራች። የባለቤቴ አጎት፣ ሽማግሌው፣ ከውጫሌ ድረስ መጡ። ጎረቤታችን መሪጌታም አልቀሩም፤ በእኛ ሰፈር ምርቃት ካለ እሳቸው «አሜን»፣ እኛ «አሚን» እያልን አብረን ነው። ሁሉም ዙሪያውን ተቀመጠ። እኔ መከዳዬን እንደ ምሽግ ይዣለሁ።

ሽማግሌው ከመጀመራቸው በፊት ልጄ ደብተሯን አወጣች። «አንድ አፍታ ይታገሡኝ፤ ለአባዬ ያልጨረስኩለት ተረት አለ» አለችና አነበበች። ንጉሡ የሁሉንም መቅዘፊያ ግምጃ ቤት ውስጥ ቆለፈበት። የገዛ ልጁን መቅዘፊያ ብቻ ግን ዙፋኑ ውስጥ ደበቀው። ቀንም ሌትም ተደግፎት ይቀመጣል።

ላብ ከጀርባዬ ወርዶ ፓስፖርቱን የሚያርሰው መሰለኝ።

«ከዚህ በኋላ እንቢ አለኝ» አለች ቀና ብላ። «ልጅቷ ፊቱ ቆማ መቅዘፊያዋን ትጠይቀዋለች። ምን እንደሚላት አላውቅም።»

«ታዲያ አባትሽ ምን ሊሠራ ተቀመጠ?» አለች ባለቤቴ። «የጅቡንም የዳኛውንም ድምፅ ሲያወጣ አይደል የሚውለው? ንጉሡን ሁንላት እንጂ!»

ሰው ሲጠብቀኝ አፌን መያዝ አልችልም። ከዚያ የባሰ በሽታ የለብኝም። ጉሮሮዬን ጠርጌ ድምፄን አወፈርኩ።

«መቅዘፊያ የለም! ደኑ ታሟል!»

«ደኑ ደኅና ነው» አለች ልጄ፣ እንደ ንጉሡ ልጅ። አልሳቀችም።

«ማዶው ክፉ ነው!»

«ማዶውን ከአንተ ይልቅ እኔ አውቀዋለሁ። አንተ ምን ያስፈራሃል? ሺህ ዓመት ትኖር የለ?»

«እሱ እኮ ነው!» አልኩ። ድምፄ የንጉሡ መሆኑ ቀርቶ ነበር። «የሚሞት ሰው ናፍቆቱ አብሮት ይቀበራል። እኔ አልሞትም። ድምፅሽ ከጠፋ ማዶ ማዶ እያየሁ የምኖረው ዘለዓለም ነው። አንዴ አይቼዋለሁ። ሁለተኛ አልችልም።»

 ባለቤቴ ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች። ልጄ አንዲት መስመር ጻፈች፤ እርሳሱ ሲፋቅ ይሰማል።

«ፈርቶ ነዋ» አለች ቀስ ብላ። «ክፉ አይደለም። ከዚያስ? ይህን ከተናገረ በኋላም ይከለክላታል?»

ሁሉም አፌን ያያል። ሽማግሌው ሳይቀሩ ወደ ፊት ዘንበል ብለዋል። ታሪክ መሀል ላይ ጥሎ መሄድ ለእኔ ዓሣ መረብ ውስጥ ትቶ እንደመሄድ ነው። ምላሴ ከእኔ ቀድሞ ሄደ።

«ሂጂ» አለ ንጉሡ። «መንገድሽ ጨርቅ ይሁንልሽ። የወጣሽበት ደጅ አይዘጋ፣ የምትገቢበት ደጅ አይጥበብ።»

እጆች ተዘረጉ። «አሚን!» አሉ። «አሜን!» አሉ መሪጌታ።

«ክፉ ሲያይሽ ይታወር። ድምፅሽ አይጥፋ። በእግርሽ ሄደሽ በእግርሽ ተመለሽ።»

«አሚን!»

ወሎ ውስጥ ምርቃት ሲሰማ እጁን የማይዘረጋ የለም። የልጄ እጅም ተዘርግቶ ነበር፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል። ያኔ ነው ያደረግሁት የገባኝ።

«ለንጉሡ ልጅ ነው እኮ!» አልኩ። «ተረት ነው!»

ሽማግሌው መዳፋቸውን ፊታቸው ላይ አሳለፉ። «ምርቃት ከአፍ ወጥቶ አሚን ከተባለ አይመለስም። ስትመርቅ ደግሞ የንጉሥ ድምፅ አልሰማሁም። የአባት ነው የሰማሁት።»

 ከዚያ ከኪሴ ሰንጢ አውጥቼ መከዳውን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ስፌቱን በጠስኩ። ጥጡ ወለሉ ላይ ተበተነ። ባለቤቴ «ያ ረቢ!» አለች። ፓስፖርቱን ለልጄ ሰጠኋት።

«ታውቂ ነበር?»

«ከረቡዕ ጀምሮ» አለች። «መከዳ በመረብ ቋጠሮ የሚሰፋ ሌላ ማን አለ? ስፌት ቤት ልገባ እኮ ነው።»

«ታዲያ ለምን ተርትረሽ አልወሰድሽውም?»

«ወስጄው ልሄድ? ሳትመርቀኝ?»

ጎንበስ ብዬ የተበተነውን ጥጥ መልቀም ጀመርኩ። 

ሰኞ ማለዳ ደሴ የሚሄደው ሚኒባስ ሊነሣ ሲል ወደ መስኮቱ ጠጋ አልኩ። «ንጉሡ መጨረሻው ምን ሆነ?»

«ዳር ላይ ቆሞ ይጠብቃል» አለች። «ጆሮውን ግን እንዳልከው አሳጥሬለታለሁ።»

«ተይው» አልኳት። «መልሺለት። ስልክ ሲጮኽ ከሐይቁ መሀል ይስማበት።»