ለእህቴ ያዋስኩት ስም

ፖስታ ቤት ያመጣውን ካርቶን ስከፍት መጀመሪያ የመጣብኝ የብል መድኃኒት ሽታ ነው። ከሥሩ ግን ሌላ ሽታ ነበረ፤ የሎሚ ሳሙና። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው፣ አፍንጫ ግን አይረሳም። ከውስጥ የወጣችው ከቁርጥራጭ ጨርቅ የተሰፋች ትንሽ ብርድ ልብስ ናት፣ አራስ ልጅ የምትሸፍን ያህል። ጠርዟ ላይ በሰማያዊ ክር ስም ተጠልፏል። ስሙ የእኔ ነው። ሰው የሚጠራኝ አይደለም፤ የክርስትና ስሜ ነው፣ ከቤታችንና ከቤተ ክርስቲያን ውጪ ማንም የማያውቀው።

ያኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ፣ ከሐበሻ ምግብ ቤቶቹ ጀርባ ባለ አሮጌ አፓርትመንት እንኖር ነበር። አባቴ ሆሊውድ አንድ ሆቴል ውስጥ የእንግዶችን መኪና ያቆም ነበር። በዚያ ዓመት እናቴ ሴት ልጅ ወለደች። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በሰማንያ ቀኗ ነውና እናቴ ነጭ ቀሚሷን አሰፍታ፣ ክርስትና እናቷን መርጣ ቀን ትቆጥር ነበር። እህቴ በሰባ አንደኛው ቀን ጠዋት እንደተኛች ቀረች።

ሐኪሙ የማንም ጥፋት አይደለም አለ። የእናቴ ጥያቄ ግን እሱ አልነበረም። ሳትጠመቅ ስለሞተች ፍትሐት አልተደረገላትም። ቤት ውስጥ የምንጠራት ስም ነበራት፣ በጸሎት የምትጠራበት የክርስትና ስም ግን አልነበራትም። እናቴ ነጩን ቀሚስ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ "ቄሱ ማን ብሎ ይጥራት? ማን ብሎ?" እያለች ታለቅስ ነበር። እኔ ደግሞ ኩሽና ቆሜ እሰማለሁ።

ፊት ለፊታችን ብቻዋን የምትኖር አሮጊት ነበረች። ሞርሞን ከሚባለው የአሜሪካ ሃይማኖት ናት ይሏታል። ለቅሶው ላይ ከነትሪው ድንች ይዛ መጣች፤ በአይብ የተጋገረ፣ ላዩ ላይ ኮርንፍሌክስ የተነሰነሰበት። ሁዳዴ ነበር። ሴቶቹ ትሪውን አዩ፣ እርስ በርስ ተያዩ። ቡና ሲቀርብላት ደግሞ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አልጠጣም አለች፤ እምነቷ እንደሚከለክላት ማን ያውቃል። በቃ፣ ያን ቀን አለቀላት። ለቅሶ ቤት መጥቶ በጾም አይብ አቅርቦ ቡና የሚገፋ ሰው ምን እንዲባል ትፈልጋላችሁ?

የእናቴ የማኅበር ጓደኛ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "እነዚህ እኮ የሞተ ሰው ስም ወስደው ያጠምቃሉ" አለች። "ሪጂስተር ያደርጉታል፣ ከዚያ የነሱ ነው። ሶ ስሟን እንዳትሰጫት፣ ኦኬ?"

ከዚያ ወዲያ ሴትዮዋ ያደረገችው ሁሉ ምክንያት ነበረው። መጋረጃዋ ከተነቃነቀ እያየችን ነው፤ ካልተነቃነቀ ተደብቃለች። ደረጃ ላይ ሰላም ስትለን እናቴ ክንዴን ጨምቃ ይዛ ታሳልፈኛለች።

አንድ ከሰዓት በኋላ ግን በራችንን አንኳኳችና እኔ ስከፍት ገባች። አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ። ሴትዮዋ እጆቿን አጣምራ፣ የቅድመ አያቷን እናት ታሪክ ጀመረች። የእምነታቸው ሰዎች ተሰደው በበሬ ጋሪ ወደ ምዕራብ ሲጓዙ፣ ያቺ ሴት መንገድ ላይ አራስ ልጇ ሞተችባት። በቀሚሷ ቅዳጅ ጠቅልላ ቀበረቻት። ከዚያ ጋሪዎቹን ሁሉ በመቃብሩ ላይ ነዷቸው።

ይህን ስተረጉም እናቴ ፊቷ ተለወጠ። "በሕፃን መቃብር ላይ ጋሪ ነዱ?" አለች። "ምን ዓይነት አረመኔዎች ናቸው! ንገሪያት፣ ትውጣልኝ!" ተነስታ መኝታ ቤት ገባችና በሩን ዘጋች። ሴትዮዋ የቀረውን ለእኔ ጨረሰችልኝ። እኔም ሰማሁ፣ ለእናቴ ግን አልነገርኳትም። ሴትዮዋን ባነሳሁ ቁጥር ትቆጣ ነበርና።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ምድር ቤት፣ የጋራ ልብስ ማጠቢያው ጋ ብቻዬን አገኘችኝ። ማሽኖቹ ይጮኻሉ፣ የሎሚ ሳሙናዋ ክፍሉን ሞልቶታል። "የእህትሽ ስም ማን ነበር የኔ ማር?" አለችኝ።

የእናቴ ጓደኛ ያለችው ትዝ አለኝ። እምቢ ብላት ከሌላ ሰው ትጠይቃለች ብዬ ሰጋሁ። ሰንበት ትምህርት ቤት ደግሞ ጥምቀት አንዲት ናት፣ የተጠመቀ አይደገምም ብለውናል። ስለዚህ በልጅ ጭንቅላቴ አሰብኩ፤ የተጠመቀ ስም ከሰጠኋት ምንም ልታደርገው አትችልም። የክርስትና ስሜን አንድ በአንድ ፊደል ቆጥሬ አስጻፍኳት። ያደረግኩትን ለማንም አልተናገርኩም። በዚያው ዓመት የቤት ኪራዩ ከበደንና ሰፈሩን ለቀን ሎንግ ቢች ገባን።

ከብርድ ልብሷ ጋር የተላከው ደብዳቤ የሴትዮዋ የልጅ ልጅ ነው፤ በአባቴ ስም ፈልጋ አድራሻዬን እንዳገኘች ትናገራለች። አያቷ ባለፈው ወር አርፋለች። "አያቴ ይህን ሰፍታ ስትጨርስ ቤታችሁ ባዶ ነበር" ይላል። "በእምነታችን ሕፃን ንጹሕ ነው፣ ጥምቀት አያስፈልገውም። አያቴ ለእናትሽ ይህን ልትነግራት ፈልጋ ነበር። በመንገድ የቀረችው የዘመዳችን ልጅ በቤተሰባችን መዝገብ ላይ 'ሴት ልጅ' ብቻ ተብላ ስለተጻፈች፣ የእናንተ ግን ስሟ እንዲቀር አልፈለገችም። በየዓመቱ እየጠራች ትጸልይላት ነበር።"

ሊያጠምቋት አልነበረም። ያን ሁሉ ጊዜ በር የዘጋንባት እናቴን ልታጽናና የመጣች ሴት ላይ ነበር። አፈርኩ፤ አሁንም ስነግራችሁ አፍራለሁ።

በዚያው ቅዳሜ ድራይቭ አድርጌ እናቴ ጋ ሄድኩ። ጨርቋን በጣቶቿ ዳሰሰቻት፣ ስፌቱን ገልብጣ አየችው፣ ከዚያ የላቲኑን ፊደል ቀስ ብላ አነበበችው። "ይሄ ያንቺ አይደለም እንዴ?"

ሁሉንም ነገርኳት። ሠላሳ ዓመት የያዝኩትን የታሪኩን ቀሪ ክፍልም ነገርኳት፤ ጋሪዎቹን የነዱት አፈሩ ጠጥሮ ተኩላ እንዳያወጣት ነው።

እናቴ ጨርቋን ጉልበቷ ላይ ዘረጋቻት። "እኛም አገር ጅብ እንዳያወጣ ድንጋይ ይጫናል" አለች። "እናቲቱ ጋሪው ሲያልፍ ቆማ አየች ማለት ነው?"

"አዎ እማዬ።"

ተነስታ ከቁም ሳጥኑ አንድ ፌስታል አወጣች። ነጩ ቀሚስ ነበር። ብርድ ልብሷ ውስጥ አስገብታ ጠቀለለችው።

"እሑድ እሑድ ስምሽን ለቄሱ ስሰጥ ኖሬያለሁ" አለች። "አንድም ሳምንት ሳላስታጉል። ለካ እህትሽም በስምሽ አብራሽ ስትጠራ ነበር።" ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ እህቴ ስታወራ ፈገግ ስትል አየኋት። ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገችና፣ "የሴትዮዋስ ስም ማን ነበር? ነፍስ ይማር ልበላት እንጂ" አለች።

ደብዳቤውን እንደገና ከፈትኩት። ከላይ እስከ ታች "አያቴ" ነው የሚለው። ሁለት ዓመት በር ለበር ኖረን፣ እናቴም እኔም ስሟን ጠይቀናት አናውቅም።