ታንዲና አያቷ ከወንዙ ዳር ሲነሱ

ዝናብ ያራሰው የስፖንጅ ፍራሽ ሽታ በመጣብኝ ቁጥር፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ ጆሃንስበርግ፣ አሌክሳንድራ በሚባል ሰፈር በሚገኘው የአባዬ ሱቅ ጓዳ ውስጥ የቆምኩ ይመስለኛል። አባዬና እማዬ ከደቡብ ኢትዮጵያ መጥተው እዚያ ሰፈር ስፓዛ የሚሏትን ትንሽ ሱቅ ከፍተው ነበር፤ ከሱቁ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ሦስታችን እንኖር ነበር።

ጆሃንስበርግ ዝናቡ የሚበረታው በፈረንጆች ገና ሰሞን ነው። በዚያን ጊዜ ትምህርት ቤት ስለሚዘጋ እኔና ጓደኛዬ ታንዲ ቀኑን ሙሉ አብረን እንውል ነበር። ታንዲ እናቷ ስለሞተች በሰፈሩ በሚያልፈው ወንዝ ዳር በቆርቆሮ ቤት ከአያቷ ጋር ትኖር ነበር። ሰፈሩ ሁሉ በዙሉኛ «ጎጎ»፣ አያቴ፣ እያለ ስለሚጠራቸው እኔም እንደዚያው እጠራቸው ነበር። ጎጎ የሰው ልብስ እያጠቡ ነበር የሚያሳድጓት፤ ሰማዩ ሲጠቁር ግን ማጠቡን ትተው በራቸው ላይ ቆመው ወንዙን ያዩ ነበር።

በዚያ ዓመት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወንዙ ሞልቶ ቤታቸውን ከነዕቃው ወሰደው። ጎጎ በአንድ እጃቸው ታንዲን ይዘው፣ በሌላው የራሰ ፍራሽ እየጎተቱ መጡ። አባዬ ምንም ሳይጠይቅ የዱቄቱን ጆንያ ወደ ጥግ ገፍቶ ዕቃ የምናስቀምጥበትን ጓዳ ለቀቀላቸው።

«ያከራየን የግቢው ባለቤት ቢሰማ እኛንም ያስወጣናል» አለችው እማዬ።

«እኔም በታንዲ ዕድሜ የሰው ጓዳ ውስጥ አድሬያለሁ» አላት።

ስለ ልጅነቱ ሲያወራ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያን ቀን ነበር። መንደራቸው ውስጥ ግጭት ተነስቶ፣ የቡና ማሳቸውን ጥለው፣ መጀመሪያ ዘመድ ቤት፣ ቀጥሎም አንድ የትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ከሌሎች ቤተሰቦች ጋር ሁለት ክረምት ኖረዋል።

ዝናቡ ካቆመ በኋላ ጎጎ በየሳምንቱ ወደ ሰፈሩ አዳራሽ እየሄዱ ቤት ለማግኘት ይመዘገቡ ነበር። አንድ ቀን ከዚያ ሲመለሱ የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀምጠው አባዬን ጠየቁት።

«አንተ ከሌላ አገር መጥተህ ወረቀት አለህ፤ ወረቀቱም ስደተኛ ይልሃል። እኔ እዚሁ ተወልጄ የሰው ሱቅ ውስጥ እተኛለሁ። እኔን ምን ይሉኛል?»

አባዬ የእንግሊዝኛውን ቃል ፈልጎ አጣውና «በእኛ አገር ተፈናቃይ ይባላል» አላቸው።

«ታዲያ ተፈናቃይ ወደ ቤቱ ይመለሳል?»

«እኛ አልተመለስንም፣ ጎጎ።»

ብርዱ ሲገባ የግቢው ባለቤት ሰማ። አባዬ ሁለት ጊዜ ሄዶ ቢለምነውም እምቢ አለ። በዚያው ወር የማዘጋጃ ቤት የጭነት መኪና መጥቶ የወንዙ ዳር ሰዎችን ከተማው ጫፍ ላይ ወደተተከሉ ቆርቆሮ ቤቶች ወሰዳቸው። ታንዲ ከመሳፈሯ በፊት ደብተሮቿን ሰጠችኝ።

«ጊዜያዊ ነው ብለዋል። እስክመለስ አስቀምጪልኝ።»

አመንኳት። ከወራት በኋላ አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ወጥተን፣ ሁለት ታክሲ ቀያይረን ልንጠይቃቸው ስንሄድም ደብተሮቹን ቤት ትቻቸው ነበር፤ መመለሷ ስለማይቀር መያዙ አላስፈላጊ መስሎኝ። ታንዲ ውሃ ልትቀዳ ተሰልፋ አገኘኋት። በአካባቢው ትምህርት ቤት ስላልነበረ መማር አቁማለች። ስለ ደብተሮቹ አልጠየቀችኝም፤ እኔም አላነሳሁም።

አሁን እኔ ኮዝሞ ሲቲ በሚባል ሌላ ሰፈር የራሴ ሱቅ አለኝ። አባዬ ከአገር ቤት ስልክ ሲደወልለት፣ ዘመዶቹ ዳግም ከቀያቸው መነሳታቸውን የሚሰማበት ጊዜ አለ። ጎጎ አርፈዋል። ታንዲ እዚያው ጊዜያዊ በተባለው ቤት ሁለት ልጆች ታሳድጋለች። ልጅ ሳለሁ ባገኘኋት ቁጥር «መቼ ነው የምትመለሺው?» እላት ነበር። አሁን ስሄድ የምጠይቃት ጣሪያው ያፈስስ እንደሆነ ነው።