ከሬዲዮው ሰሌዳ ላይ የተፋቀ ፊውዝ

በደርግ ዘመን ባሕር ዳር ገበያ ዳር ሬዲዮ እጠግን ነበር። ፊውዝ የሚባል ነገር ከጠፋ ቆይቷል። መብራቱ ደግሞ አንዴ ይደክማል፣ አንዴ እንደ እብድ ይጨምራል። ስለዚህ ዘዴ ፈጠርሁ፤ ኤሌክትሪኩ የሚገባበትን፣ በሬዲዮው ሰሌዳ ላይ የተለጠፈውን የመዳብ መስመር በምላጭ ፍቄ አቀጥነዋለሁ። ኃይል ሲበዛ ያች ቀጭን ቦታ ቀድማ ትቃጠልና ትራንስፎርመሩ ይተርፋል። መስመሯን መልሶ መበየድ ቀላል ነው፤ ትራንስፎርመር ግን ከየት ይመጣል?

ይህን ለሰው ማስረዳት ነበር የሰለቸኝ። "ትናንት ሠርተህ ዛሬ ተበላሸ!" ይሉኛል። አልተበላሸም፣ ዳነ እንጂ! ማን ይሰማል? ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ተናግሬ ተውሁት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ፋሲሎ ሰፈር የሚኖሩ አንዲት እናት ቀደም ሲል የጠገንሁላቸውን ሬዲዮ ታቅፈው መጡ። ልጃቸው ለውትድርና ተወስዶ ወደ ሰሜን ከዘመተ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። ገና ሳይቀመጡ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

"ማታ የነዚያን ሰዎች ጣቢያ ከፍቼ ነበር" አሉኝ። የሸማቂዎቹን ጣቢያ መስማት ያሳስር ነበር፤ ግን የተማረኩ ወታደሮች ስማቸውን የሚናገሩት እዚያ ነው። "አንዱ 'የባሕር ዳር ልጅ ነኝ' አለ። ስሙን ሊጠራ ሲል ይኸ ያንተ ቀጭን ነገር ድርግም አለብኝ! ዛሬ ምሽት ይደግሙታል። እንዳይጠፋ አድርገህ ሥራልኝ።"

"እማማ፣ ወፍራም ሽቦ ካደረግሁበት እኮ ሬዲዮው ራሱ ይነድዳል።"

"ይንደድ! ቤቱም ይንደድ! ስሙን ብቻ ልስማ።"

ወፍራሙን ሽቦ በየድሁና፣ ልቤ አላምን ቢለኝ አብሬአቸው ሄድሁ። ሲመሽ በሩን ዘግተን፣ ድምፁን ዝቅ አድርገን ተቀመጥን። እጄን ከሬዲዮው ጀርባ ላይ አኑሬ ሙቀቱን እጠብቃለሁ። ምርኮኞቹ ተራ በተራ ስማቸውን ይናገራሉ፤ እሳቸው ለእያንዳንዱ "እሰይ፣ እግዜር ያውጣህ" ይላሉ። ትራንስፎርመሩ መሽተት ጀመረ። "ልንቀለው" ብላቸው እጄን መቱኝ።

ከዚያ "የባሕር ዳር ልጅ ነኝ" የሚለው ድምፅ መጣ። ስሙን ተናገረ፤ የአባቱንም ስም ተናገረ።

የእሳቸው ልጅ አልነበረም። ከእሳቸው ቤት ወረድ ብሎ ያለው የሙስሊሙ ነጋዴ ልጅ ነው።

ሬዲዮውን ነቀልሁ። ደክሞኝ ነበር፤ ያ ዘመን መላ ሰውነቴን አድክሞት ነበር። እሳቸው ግን ተነሥተው ነጠላቸውን መደረብ ጀመሩ።

"ወዴት ነው፣ እማማ? ከየት ሰማሽው ቢሉዎትስ? ያሳስርዎታል እኮ!"

"እናቱ ዘንድ ነዋ" አሉ፣ እንባቸውን በመዳፋቸው እየጠረጉ። "ከትናንት ጀምሮ እኮ ልጇ በሕይወት አለ፤ እሷ ግን አታውቅም።"