አባቴን የመዘንኩ ዕለት

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ደብረ ታቦር ቤት ተቀምጬ ስሰለች፣ የመርሳት በሽታን ገና ሲጀምር የሚለይ ታብሌት ከጤና ጣቢያ ተሰጥቶኝ አረጋውያንን ቤት ለቤት መጠየቅ ጀመርኩ። ሥራው ቀላል ነው፤ ቀኑን ትጠይቂያለሽ፣ አምስት ቃል አስይዘሽ ቆየት ብለሽ «ይንገሩኝ» ትያለሽ፣ የመለሱትን ስክሪኑ ላይ ትነኪያለሽ። ስልጠናው ላይ አጥብቀው የነገሩን አንድ ነገር ነው፦ የራሳችሁን ቤተሰብ አትመዝኑ።

እኔ አባቴን መዘንኩ። ሌላ ሰው እንዲያያቸው አልፈለግኩም።

አባቴ የቄስ ትምህርት ቤት የኔታ ናቸው። በየዕለቱ የሚደገም ጸሎት አለ፤ የሰኞው ለብቻ፣ የማክሰኞው ለብቻ። ከዐቢይ ጾም በፊት አንድ ማክሰኞ የሐሙሱን ሲደግሙ ሰማኋቸው፤ አንዲት ፊደል ሳይስቱ። ተማሪዎቹም ገብቷቸዋል። የኔታን ማን ያርማል? ተከትለው የሐሙሱን ደገሙ። ያ ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

ከሰዓት በኋላ ታብሌቱን ይዤ ፊታቸው ቁጭ አልኩ። አምስቱን ቃል አስያዝኳቸው።

«ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው አባባ?»

«ሐሙስ ነዋ! ቀኑም ጠፋሽ?»

«ቅድም ያልኩዎትን ቃላት ይንገሩኝ እስቲ።»

«የምን ቃላት? ስንቱን በቃሌ የያዝኩትን እኔን ልትፈትኚኝ ነው? ሂጅ ወዲያ!»

እናቴ ከጓዳ ሳቀች። እኔ «ማክሰኞ» የሚለውን ነካሁ። አምስቱንም ቃል ነካሁ። አረንጓዴ ሆነ። አረንጓዴ የወጣለትን ሐኪም አይጠራውም።

ክረምቱ ሊገባ ሲል አባቴ ለቅዳሴ እንደወጡ ቀሩ። በማግስቱ ጉና ተራራ ተዳፋት ላይ ድንች የሚኮተኩቱ ሰዎች አገኟቸው። ልጅ ሳሉ ወደተማሩበት ደብር እየሄዱ ነበር፤ እግራቸው በብርድ አብጧል። «ልቀቁኝ፣ መምህሬ ይቆጡኛል» ይሉ ነበር አሉ።

ሆስፒታል ወሰድናቸው።

«መቼ ጀመራቸው?» አለ ሐኪሙ።

«ኧረ አሁን ነው!» አለች እናቴ። «ደህና ነበሩ። ይቺው ራሷ በማሽኑ አይታቸዋለች።»

«ከጾሙ በፊት ነው» አልኩ። «አውቅ ነበር። መልሱን የሞላሁት እኔ ነኝ።»

ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ቀድመን አውቀን ቢሆን ብቻቸውን እንዳይወጡ እንነግራችሁ ነበር» አለ፣ ዝግ ብሎ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

እናቴ እስከ ቤት ድረስ ከፊት ከፊታችን ሄደች። አባቴ ግን ክንዴን ይዘው፣ መንገድ ላይ ላገኙት ሁሉ «ልጄ ናት፤ ሥራ ይዛለች እኮ፣ ሽማግሌ የምትጠይቅ» ይሉ ነበር። ሰዉም «ይባርካት» እያለ ያልፋል።